ለኒክሰን ሌላ፣ ለካስትሮ ሌላ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአዳማ ልጅ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። አጎቴ በልጅነቱ ኩባ ሄዶ የተማረ ነው። ፊደል ካስትሮን በክፉ ያነሳ ሰው እሱ ቤት ቡና አይጠጣም። ሰሞኑን አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኦሊቨር ስቶን ስለ ካስትሮ የሠራውን ዘጋቢ ፊልም «ኮማንዳንቴ»ን አብረን አየን። «እውነት የሚናገር የአሜሪካ ዳይሬክተር ይሄ ብቻ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የዚሁኑ ሰውዬ «ኒክሰን» አይቼ ነበር፤ ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ስለ ሪቻርድ ኒክሰን ነው። ኒክሰንን ገመናውን አውጥቶ ነው ያሳየው። ካስትሮን ግን ልክ አጎቴ በሚያየው ዓይን ነው የሚያየው። ወገንተኛ ነው ብል ተሳሳትኩ? ለአጎቴስ እንዴት ብዬ ልንገረው?

መልስ፦ አልተሳሳትሽም። (አንቺ ማለቴን በዕድሜዬ ይቅር በይኝ።) ስቶን ወገንተኛ ነው፣ ራሱም ብዙ አይደብቀውም። ግን «ግራ ዘመም ስለሆነ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን ይጠላል፣ የአሜሪካን ጠላቶች ይወዳል» ብለሽ ከዘጋሽው አጎትሽ ይረታሻል።

እስቲ «ኒክሰን»ን ድገሚው። ፊልሙ የወጣው በፈረንጆች 1995 ነው። ስቶን ቬትናም የዘመተ፣ እዚያም የቆሰለ ሰው ነው። ኒክሰንን ለመጥላት ምክንያት አያጣም። ሆኖም የሠራው ፊልም በሳንባ ነቀርሳ ሁለት ወንድሞቹን የቀበረ፣ እናቱን የሚፈራ፣ የሚወደው ያጣ ሰው ያሳየናል። ሌሊት ሊንከን ሐውልት ድረስ ወጥቶ ጦርነቱን ከሚቃወሙ ተማሪዎች ጋር ሲነጋገር አስታወስሽ? ይኼ ፈጠራ አይደለም፤ በ1970 በእርግጥ ሄዷል። የኒክሰን ቤተሰብ ፊልሙን አውግዟል፣ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን ከሲኒማ ቤት ስወጣ ሰውየው አሳዝኖኝ ነበር። የስቶን አባት ራሱ እንደ ኒክሰን የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው ነበር። በ2008 በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (በልጁ) ላይ የሠራውም እንደዚያው ነው። ደም የጠማው ሰው እናያለን ብለው የገቡ የቡሽ ጠላቶች፣ የአባቱን ምርቃት የሚለምን ልጅ አይተው ወጡ።

ስቶን የሚላላው መሪው ራሱ ከፊቱ ሲቀመጥ ነው። ሰው ቤት ተጋብዞ «ወጡ ጨው በዛበት» የሚል እንግዳ የለም። የቬንዝዌላው መሪ ሁጎ ቻቬዝ ባደገበት ግቢ ብስክሌት ሲነዳ ስቶን ይስቃል። የአርጀንቲናን ፕሬዚዳንት የነበረችውን ክሪስቲና ኪርሽነርን ስንት ጥንድ ጫማ እንዳላት ይጠይቃታል። ፑቲን በ2017 በወጣው ቃለ ምልልስ ስልኩን አውጥቶ «ይኼ የእኛ አየር ኃይል ነው፣ ሶሪያ ውስጥ» ብሎ ቪዲዮ አሳየው። ስቶን አየና አለፈ። ፊልሙ ሲታይ ግን ተመልካቾች ምስሉ አፍጋኒስታን ውስጥ ከአሜሪካ ሄሊኮፕተር የተቀረጸ መሆኑን አወጡት። «እስቲ ከየት አገኘኸው?» ማለት ምን ነበረበት?

አሁን ወደ ካስትሮ። «ኮማንዳንቴ» የተቀረጸው በ2002 በሦስት ቀን ውስጥ ነው። ካስትሮ በፈለገበት ሰዓት ቀረጻውን የማስቆም መብት ነበረው። በ2003 ጸደይ የኩባ መንግሥት 75 ተቃዋሚዎችን አሰረ፤ ጀልባ ጠልፈው ሊወጡ የሞከሩ ሦስት ሰዎችንም ረሸነ። ፊልሙን ሊያሳይ የነበረው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ በዚህ ምክንያት ሳያሳየው ቀረ። ስቶን ካሜራውን ይዞ ወደ ሃቫና ተመለሰ። «ሉኪንግ ፎር ፊደል» የሚለው ሁለተኛው ፊልም የመጣው እንዲህ ነው።

እዚያ ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ሌሎች የጠለፋ ተከሳሾች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበዋል። ጠበቆችና ዐቃቤ ሕግ አሉ። ካስትሮ ራሱ እዚያው ቁጭ ብሏል። ስቶን ተከሳሾቹን ይጠይቃል፦ ለምን ሞከራችሁ? ምን ቅጣት ይገባችኋል? ልብ በይ፣ ዕጣቸው በእጁ ያለው ሰውዬ እያያቸው ነው። ስቶን ከመጀመሪያው ፊልም ይልቅ እዚህ ጠንከር ብሏል፤ ካስትሮንም ስለ ሦስቱ ሰዎች መረሸን ጠይቆታል። ያን ክፍል ግን ተቀብሎ ቀረጸ። ሰዎቹን ለብቻቸው ላናግራቸው ማለቱን ፊልሙ ውስጥ አላየሁም። እኔን ከጫማው ጥያቄ በላይ ያናደደኝ ይኼ ነው።

አጎትሽን በተመለከተ፣ ፍቅሩን አትንኪበት። ካስትሮ ለኢትዮጵያውያን ፊልም ላይ የታየ ሰው ብቻ አይደለም። በኦጋዴን ጦርነት የሞቱ የኩባ ወታደሮች ፎቶ ጥቁር አንበሳ አጠገብ በሚገኘው የትግላችን ሐውልት ላይ አለ። ወላጆቻቸው የሞቱባቸው የእኛ ልጆች ኩባ ውስጥ የወጣቶች ደሴት ላይ በልተው፣ ለብሰው ተምረዋል። አጎትሽ በዓይኑ ያየውን ነው የሚወደው። አንቺም ይኼ ሐሰት ነው አላልሽም። ጥያቄሽ ስለ ስቶን ነው።

ስለዚህ «ወገንተኛ ነው» ብለሽ አትጀምሪ፣ ወዲያው ጸብ ይሆናል። ሁለተኛውን ፊልም ፈልጊና አብራችሁ እዩት፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያ ክፍል ሲመጣ አቁሚውና «ጋሼ፣ አንተ ከተከሳሾቹ አንዱ ብትሆን ምን ትመልስ ነበር?» በይው። ያለሽን ጻፊልን፤ ከፈቀደ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።