ለፍሪስታይል ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ፍሬም ማሠራት፦ ጠይቁኝ

አዲስ ያሠራሁትን ፍሬም ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ የውስጥ መስመሬ በጥያቄ ተጨናንቋል። እዚሁ በአንዴ ልመልስ። የማወራው ስለ ፍሪስታይል ብቻ ነው፤ 20 ኢንች ጎማ፣ ልሙጥ ወለል፣ ሙዚቃ፣ እግር ፔዳል ላይ ብቻ ሳይሆን ጎማውም ፍሬሙም ላይ የሚያርፍበት ጨዋታ። የተራራና የዝላይ ሰዎች፣ እኔን አትስሙኝ።

ጥ፦ ዝግጁ ፍሬም እያለ ለምን ላሠራ?

አታሠራ። የምሬን ነው። እንደ ኒምበስ 2 ያለ ትከሻው ጠፍጣፋ የሆነ ዝግጁ ፍሬም ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ማሠራት የሚያዋጣው ሰውነትህ ከዝግጁው ጋር አልስማማ ሲል ነው፤ እግርህ ትልቅ ሆኖ ትከሻው ላይ አልቆም ካለ፣ ጉልበትህ ማዕዘኑን እየገጨ ከበለዘ፣ ወይ ደግሞ አጭር ሆነህ ኮርቻው እስከ መጨረሻ ወርዶም ከፍ ካለብህ። ቀለሙ አስጠልቶህ ከሆነ ቀለም ግዛ።

ጥ፦ ትከሻ ትከሻ የምትለው የቱን ነው?

ሁለቱ የፍሬም እግሮች ከጎማው በላይ የሚገናኙበትን። ለፍሪስታይል ዋናው ነገር እሱ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይደረስበታል። በአንድ እግር ስትነዳ ሥራ የፈታው እግርህ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ስትንሸራተትም አንዱ እግር እዚያ ቆሞ የሌላኛው ጫማ ሶል ጎማውን እየዳሰሰ ፍሬን ይሆናል። ክብ ትከሻ ለጉልበት ደግ ነው፣ እግር ግን አይይዝም። ጠፍጣፋው እግር ይይዛል፣ ጉልበት ይገጫል። እኔ ያሠራሁት ላዩ ጠፍጣፋ፣ ማዕዘኖቹ የተድቦለቦሉ ነው።

ስፋቱን በቁጥር አትጠይቁኝ፣ እንደየእግሩ ነው። ከጫማ ካርቶን ሦስት ቁራጭ ቆርጬ፣ አሮጌው ፍሬም ላይ በፕላስተር እያሰርኩ፣ የምነዳበትን ጫማ አድርጌ ግድግዳ ይዤ ቆምኩባቸው። ሦስተኛው ላይ ጣቶቼ መንጠልጠል አቆሙ። ለበያጁ የሰጠሁት ያንን ካርቶን ነው።

የጎማ ክፍተትም አለ። የ20 ኢንች ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ ዳያሜትሩ 406 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 50 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ጎማ ሲገባበት፣ የጎማው ጫፍ ከመሃል እስከ ላይ 253 ገደማ ይመጣል። የእኔ ትከሻ የታችኛው ጎኑ ከቸርኬው መሃል 265 ላይ ነው። ከዚህ ቢጠብ ቸርኬው ትንሽ ሲወላገድ ጎማው ትከሻውን ይፋተጋል፤ ቢሰፋ ደግሞ እግርህም ኮርቻህም ያለ ጥቅም ከፍ ይላሉ።

ጥ፦ አዲስ አበባ ሰርከስ እሠራለሁ። ሰፈር ያለ በያጅ ይሠራልኛል?

ይሠራልሃል፣ ግን በያጅ ብቻውን አይበቃም፣ ቶርኖ ቤትም ያስፈልግሃል። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቀለበት በግራይንደር አይወጣም። አደራ፣ ኩሽኔታውን ነቅለህ በካሊፐር ለካ። ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነ አክስል ያላቸው የቆዩት ብዙ ጊዜ ኩሽኔታቸው በውጭ በኩል 40 ሚሊ ሜትር ነው፣ አይሲስ የሚባለው ባለ ጥርስ አክስል ያላቸው ደግሞ 42። እኔ የመጀመሪያውን ሳሠራ ከጭንቅላቴ 40 ብዬ ተናግሬ፣ ፍሬሙ አምሮበት፣ ቀለም ተቀብቶ መጣ። ኩሽኔታው አልገባ አለ። 2 ሚሊ ሜትር! የቶርኖው ሰውዬ ካሊፐሩን አንስቶ ለካና ምንም ሳይናገር መልሶ አስቀመጠው። ከዘለፋ ይከፋል።

ሲበየድ ሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ይለፍ፣ አለዚያ ብረቱ ሲግል ይጠመዝዛቸዋል። ኩሽኔታው ግን እዚያ እንዳይኖር፣ ግራሱ ይቃጠላል። ቱቦላሬው ጋልቫናይዝድ ከሆነ ዚንኩ ይፋቅ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ለበያጁም እዘንለት።

ጥ፦ ብረት፣ አሉሚኒየም ወይስ ታይታኒየም?

ብረት። ከተገኘ 4130 ክሮሞሊ፣ ማለትም ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ጠንካራ ብረት። አሉሚኒየም ሲበየድ ጥንካሬው ስለሚቀንስ ከብየዳው በኋላ በሙቀት መልሶ ማጠንከር ይፈልጋል፣ ታይታኒየም ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ክብደት ካሳሰበህ ከጎማውና ከቸርኬው ጀምር፤ የሚሽከረከረው እሱ ነው።

ጥ፦ ብሬክ ማሰሪያ ላስደርግ?

ለምን? ሱሪህን ሊይዝልህ?

ጥ፦ የ9 ዓመት ልጄ ጀምራለች፣ ላሠራላት?

አይ እህቴ፣ በዓመቱ ይጠባታል። ያገለገለ ግዢላት። ኮርቻው ላይ ተቀምጣ ተረከዟን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ስታደርግ እግሯ ሊዘረጋ ትንሽ ከቀረው ልኳ ነው። ለ20 ኢንች ካልደረሰች 16 ኢንች አለ።

ጥ፦ የድሮ ኮርቻዬ አዲሱ ላይ ይገባል?

ቋሚውን፣ ማለትም ኮርቻውን ተሸክሞ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባውን ቱቦ፣ ውፍረቱን ለካ። በብዛት የሚገኙት 22.2፣ 25.4 እና 27.2 ሚሊ ሜትር ናቸው። ፍሬሙን ለቋሚህ አሠራ፣ ከሌለህ 25.4 ወይም 27.2 ይሁን።

ጥ፦ አዲሱን ፍሬም ገጠምኩ፣ ስነዳ ይከብደኛል።

የኩሽኔታውን መያዣ ብሎኖች አጥብቀህ ይሆናል። ሁሉም ሰው ያጠብቃቸዋል። ፍታቸውና ግራና ቀኙን እያፈራረቅህ፣ ትንሽ ትንሽ፣ እንዳይላወስ ብቻ እሰር። ከዚያ አንስተህ ጎማውን በጣትህ ግፋው። በራሱ ብዙ ዞሮ፣ ቀስ እያለ ከቆመ ጨርሰሃል። ቀጥ ብሎ ከቆመ መልሰህ አላላ።