ሥር ፍለጋና እንጀራ ፍለጋ በአንድ ሴሚስተር

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በቨርጂኒያ የኅብረተሰብ ጤና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ዕድሜሽ 21 ነው። አባትሽ ኢትዮጵያዊ፣ እናትሽ ኮሪያዊት ናቸው። ያሳደጉሽ የአባትሽ እናት በመሆናቸው አማርኛሽ የሚያኮራ ነው፤ ኮሪያኛሽ ግን ከማእድ ቤት አላለፈም። በመጪው መስከረም ሴኡል ሄደሽ አንድ ሴሚስተር የመማር ዕድል አግኝተሻል። በዚያው ጊዜ ደግሞ ለቤትሽ ቅርብ የሆነ ክሊኒክ ደመወዝ ያለው የሥራ ልምምድ አቅርቦልሻል። "ሥሬን ፍለጋ ብሄድ ቀጣሪዎች እንደ ሽርሽር አይቆጥሩብኝም ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔን ግን ከጥያቄው ይልቅ የያዘኝ በመሐል ጣል ያደረግሽው ነገር ነው። ዴጆን ከተማ የሚኖሩት የእናትሽ እናት በየእሑዱ ይደውላሉ። "ባፕ ሞጎሶ?" ይሉሻል፤ ምግብ በላሽ ወይ ማለታቸው ነው። "ኔ፣ ሞጎሶዮ" ትያቸዋለሽ። ከዚያ ወዲያ ቃል ያልቅብሻል፤ ዝምታው ሲረዝም እናትሽ ስልኩን ይቀበሉሻል። እንዲህ ያለ ስልክ ለዓመታት ያነሳች ልጅ ሴኡል ብትሄድ ሽርሽር ሄደች የሚላት ሰው ነገሩን አልተረዳውም።

ስለዚህ መልሴ ሂጂ ነው። ለክሊኒኩ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ ልምምዱን ከመሄድሽ በፊት ወዳለው ክረምት ወይም ከተመለስሽ በኋላ ወደ ጥር እንዲያዛውሩልሽ ጠይቂ። ብዙ ቀጣሪዎች ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ በራቸውን አይዘጉም፤ የሚከፋቸው በመጨረሻው ሳምንት ሲነገራቸው ነው።

አሁን አካሄድሽ ላይ እንነጋገር። ከዓመታት በፊት ያማከርኩት አንድ ወጣት ወደ እናቱ አገር ሄዶ አራት ወር ተቀምጦ ተመለሰ። በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ "እዚያ ምን ሠራህ?" ሲሉት "ራሴን አገኘሁ" አላቸው። እውነቱን ነበር። ጠያቂዎቹ ግን በወረቀታቸው ላይ የሚጽፉት ነገር አላገኙም። አንቺ ለዚያች ጥያቄ የሚጻፍ መልስ ይዘሽ እንድትመለሺ እፈልጋለሁ።

መልሱ ደግሞ በእጅሽ ነው። ከቤትሽ ብዙም ሳትርቂ አናንዴል አለ፤ የሱቁም የሐኪም ቤቱም ማስታወቂያ በኮሪያኛ የተጻፈበት ሰፈር። አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች ደግሞ የእኛ ሰዎች መንደር ናቸው። የሁለቱም ማኅበረሰብ የመጀመሪያ ስደተኞች እያረጁ ነው፤ ያረጀ ሰው ደግሞ ሕመሙን የሚናገረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ ክፍል 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ የቋንቋ አገልግሎት እንዲሰጡ ያስገድዳል። ለሕክምና አስተርጓሚዎች የሙያ ማረጋገጫ ከሚሰጡት የአገሪቱ ቦርዶች አንዱ የቃል ፈተና ካዘጋጀላቸው ጥቂት ቋንቋዎች ውስጥ ኮሪያኛ ይገኛል፤ ለመፈተንም ቢያንስ 40 ሰዓት የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና ያስፈልጋል። አማርኛ የቃል ፈተናው ገና አልተዘጋጀለትም፤ ይህ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ጉዳይ ነው። ዕድሜሽን በሙሉ አስተርጓሚ ሁኚ ማለቴ አይደለም። እንግሊዝኛ፣ አማርኛና ኮሪያኛ የሚችል የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ግን በዚያ አካባቢ ፈልገው የሚያገኙት ሰው አይደለም።

የማእድ ቤት ኮሪያኛ ግን ለዚህ አይበቃም። ከእናትሽ የሰማሽው እናት ለልጇ የምትናገረውን ነው፤ ባንማል ይባላል። ለታላቅ፣ ለአለቃና ለታካሚ የሚነገረው ጆንደማል ነው። የክፍል ጓደኞችሽ ይህን ልዩነት ለመቀበል ራሱ ወራት ይፈጅባቸዋል። አንቺ ግን አያትሽን "ይብሉ" እንጂ "ብይ" ብለሽ አታውቂም። ኮሪያኛም እንዲሁ ነው፤ ለእኩያ "ሞጎ"፣ ለታላቅ "ድሴዮ"፣ ለአረጋዊ ደግሞ "ጃፕሱሴዮ" ይባላል። የሰባ ዓመት ሴት ታካሚን በባንማል ማናገር እማማን "አንቺ" ብሎ እንደመጥራት ነው። ይህ ስሜት ያላንዳች ትምህርት አለሽ፤ የቀረሽ ቃላቱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሲንቾን በሚባለው የሴኡል ሰፈር ዮንሴ፣ ኢህዋና ሶጋንግ ዩኒቨርሲቲዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ ለልውውጥ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ኮርሶችም ሞልተዋል። አራት ወር ሙሉ ኮሪያኛ ሳያስፈልግሽ ተምረሽ፣ በልተሽና ተዝናንተሽ መመለስ ትችያለሽ። የእንግሊዝኛ ኮርሶችሽን ዩኒቨርሲቲሽ በሚፈቅደው ልክ ቀንሺና ጊዜሽን ለቋንቋው ስጪ። የዩኒቨርሲቲዎቹ የቋንቋ ተቋማት መደበኛ ትምህርት አንዱ ደረጃ 10 ሳምንት፣ በቀን አራት ሰዓት፣ በድምሩ 200 ሰዓት ነው። ከቻልሽ ክረምቱን ጨምረሽ ሁለት ደረጃ አጠናቅቂ። ክሪቲካል ላንጉዌጅ ስኮላርሺፕ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የክረምት ፕሮግራም ኮሪያኛን ያካትታል፤ የጊልማን ስኮላርሺፕ ደግሞ ፔል የተባለውን የአነስተኛ ገቢ ተማሪዎች የፌዴራል ድጎማ ለሚያገኙ ነው፤ የምታገኚ ከሆነ አመልክቺ።

ስትመለሺ ቶፒክ የተባለውን የኮሪያኛ ችሎታ ፈተና ተፈተኚ። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ደረጃ የሚለካው ፈተና ከ300 ይታረማል፤ 150 ካመጣሽ 4ኛ ደረጃ ነሽ። ሲቪሽ ላይ "ኮሪያኛ እናገራለሁ" ብለሽ አትጻፊ፤ "ቶፒክ 4ኛ ደረጃ" የሚለውን ማንም አይከራከረውም። ለመመረቂያ ጽሑፍሽም ከዚያው ርዕስ ይዘሽ ተመለሺ። ኮሪያ የግዴታ የጤና መድንን በትልልቅ ድርጅቶች የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ በ12 ዓመት ውስጥ፣ በ1989፣ መላ ሕዝቧን አዳረሰች። በ2008 ደግሞ ለአረጋውያን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን አቋቋመች። የ78 ዓመት አያት ያላት ተማሪ ይህ መድን ከቤት ደጃፍ ሲደርስ ምን እንደሚመስል በዓይኗ ማየት ትችላለች። ከመጽሐፍ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን አያገኝም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የወረቀት ጉዳይ አለ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ስላልተነሳ አሳስቦኛል። እናትሽ የአሜሪካ ዜግነት የወሰዱት መቼ ነው? አንቺ ከመወለድሽ በፊት ወይስ በኋላ?

ኮሪያኖች የእናትን እናት "ዌሃልሞኒ" ይላሉ፤ "ዌ" ውጭ ማለት ነው። የአባት ወገን ቤት፣ የእናት ወገን ውጭ ሆኖ ይቆጠር ከነበረበት ዘመን የቀረ ቃል ነው። ሕጉም እንደ ቃሉ ነበር፤ ዜግነት የሚተላለፈው በአባት በኩል ነበር። ከጁን 14 ቀን 1998 ወዲህ ግን ሲወለድ እናቱ ኮሪያዊት የሆነች ልጅም በውልደቱ ኮሪያዊ ነው፤ መዝገብ ላይ ባይሰፍርም። አንቺ ከዚያ ወዲህ ነው የተወለድሽው። ስለዚህ እናትሽ ያኔ ገና ኮሪያዊት ከነበሩ፣ አንቺም ሳታውቂው ኮሪያዊት ነሽ ማለት ነው። መንግሥት ለገዛ ዜጋው የተማሪ ቪዛ አይሰጥም። ሁለቱንም ዜግነት ይዞ ለመቆየት የሚያስችለው ቃል የሚገባውም 22 ዓመት ከመሙላትሽ በፊት ስለሆነ ጊዜው አጭር ነው። የ16 ዓመቱ ወንድምሽ ጉዳይ ደግሞ ከአንቺም ይብሳል፤ 18 ዓመት በሚሞላበት ዓመት እስከ ማርች 31 የኮሪያ ዜግነቱን ካልተወ የውትድርና ግዴታ ይከተለዋል።

እናትሽ ቀድመው አሜሪካዊት ሆነው ከነበረ መንገዱ ሌላ ነው። ኤፍ 4 ለሚባለው የትውልደ ኮሪያውያን ቪዛ ማመልከት ትችያለሽ፤ ለጉልበት ሥራና ለመሳሰሉት ካልሆነ በቀር ሥራም ይፈቅዳል። የእናትሽ ዜግነት መልቀቅ ግን በኮሪያ መዝገብ መመዝገብ አለበት፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያስመዘግብ ይኖራል። ወደፊት ለማስትሬት ግሎባል ኮሪያ ስኮላርሺፕን ብታስቢም ይኸው ጥያቄ ይመጣል፤ አመልካቹም ወላጆቹም የኮሪያ ዜግነት እንዳይኖራቸው ይጠይቃል። ዋሽንግተን ያለው የኮሪያ ቆንስላ ጉዳዩን አይቶ ቁርጡን ይነግርሻል። በዚህ ወር ቀጠሮ ያዢ።

ስለ ሆድሽም ጥቂት ልበል። ፊትሽን አይተው "ከየት ነሽ?" የሚሉሽ ብዙ ናቸው፤ "የእናቴ አገር ነው" ስትያቸው የሚገረሙም አሉ። ያማል። በእነርሱ መገረም ግን የአንቺ ዝምድና አይጎድልም። እንዲህ ሆድ በሚብስሽ ቅዳሜ ባቡር ይዘሽ ቹንቾን ሂጂ፤ ከሴኡል ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች መታሰቢያ እዚያ ነው፤ አጠገቡም ከ1968 ጀምሮ ቡና የሚፈላበት "ኢትዮጵያ ቤት" አለ። ከቻልሽ አያትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። ጦርነቱ ሲመጣ ጨቅላ ነበሩ፤ የአባትሽን አገር ከዚያ የተሻለ የምታሳያቸው ቦታ የለም።

የዚያን የወረቀት ጉዳይ የመጀመሪያ ሥራ ግን በመጪው እሑድ ልትጀምሪው ትችያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኮሪያ የቤተሰብ መዝገብ አሠራር ስለተቀየረ የድሮው መዝገብ ጄጆክ ድንግቦን በሚባል ሰነድ ነው የሚወጣው። እሱን ለማውጣት የቤተሰቡ ቦንጆክ፣ ማለትም የተመዘገቡበት የትውልድ አድራሻ፣ እና አባወራ ሆነው የተመዘገቡት የሟቹ አያትሽ ስም ይፈለጋል። ስልኩ ሲደወል "ኔ፣ ሞጎሶዮ" ካልሽ በኋላ ለእናትሽ አትስጫቸው። "ሃልሞኒ፣ ቦንጆጊ ኦዲሴዮ?" ብለሽ ጠይቂ። አንድ ጊዜ ላይገባሽ ይችላል፤ ቀስ ብለው እንዲደግሙልሽ ለምኚያቸው። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገብሽ ይኑር።