እስሩን ፍቱት፦ የታችኛው ክፍል ሒሳብ ለምታስተምሩ ወጣቶች

ውድ ወጣት መምህራን፣

ካስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ደጋግማ የምትመጣብኝ አንዲት የመቀነስ ጥያቄ አለች። 52 ሲቀነስ 37። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ 25 ብሎ ጻፈ። እንደ ልማዴ "ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ" ብዬ ሌላ ልጅ ልጠራ ስል ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "እስቲ እንዴት አድርገህ አገኘኸው?" አልኩት። ጠመኔውን እንደጨበጠ መለሰልኝ፦ "ከሁለት ላይ ሰባት አይነሳም። ስለዚህ ከሰባት ላይ ሁለት አነሳሁ። እርስዎ አይደሉም እንዴ ጋሼ፣ ከትንሽ ላይ ትልቅ አይቀነስም ያሉን?"

ብያለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ክፍሉ እየተቀበለኝ በዜማ አስብያለሁ። ልጁ ደንቤን አክብሮ ነው የተሳሳተው። ይባስ ብሎ ደንቡ ራሱ ውሸት ነበር፤ ያው ልጅ ከፍ ያለ ክፍል ሲደርስ ኔጋቲቭ ቁጥር ይመጣና ከትንሽ ላይ ትልቅ ይቀነሳል። ያን ጊዜ የትኛውን መምህር ይመን?

በማግስቱ ከቤት ስንደዶ ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ ለሞሰብ ስፌት ያስቀመጠችው ነበር፤ ሳልጠይቃት መውሰዴን እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። አሥር አሥሩን በክር አሰርኩና አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ልጁን "37 ስጠኝ" አልኩት። ሦስት እስር ቶሎ አነሳ። ሰባት ነጠላ ፈለገ፤ ያለው ሁለት ብቻ ነው። እስሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እስሩን አየ። "ልፍታው?" አለ በሹክሹክታ፣ የሰው ዕቃ እንደሚነካ ሰው። ፈታው። ሰባቱን ቆጥሮ ሰጠኝና የቀረውን ተመለከተ፦ አንድ እስርና አምስት ነጠላ። "አሥራ አምስት" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

እኛ ግን ይህን ስናስተምር የኖርነው "ከጎረቤት አንድ ተበደር" እያልን ነው። አንዲት ልጅ በአንድ ወቅት "ጋሼ፣ መቼ ነው የሚመልስለት?" ብላ ጠይቃኝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ስቄ አለፍኩ። አሁን ሳስበው ከክፍሉ ሁሉ በትክክል እያሰበች የነበረችው እሷ ናት። ብድር የለም፤ የሚመለስም የለም። የአሥር ቤት ውስጥ የታሰረው ተፈትቶ ወደ አንድ ቤት ገባ እንጂ። ከዚያ ወዲህ "መበደር" የሚለውን ቃል ትቼ "መፍታት" ማለት ጀመርኩ። ልጆቹ ደግሞ አሥርንና እስርን እያጋጩ "አሥር እስር ነው" የምትል ጨዋታ ፈጠሩ። የትኛውም ሥልጠና እንዲህ ያለ መርጃ መሣሪያ አልሰጠኝም።

ሥልጠና ስል፣ ሰሞኑን ከሥልጠና የተመለሳችሁ ብዙዎቻችሁ ጋር ስጨዋወት ዘዴውን እንደ አዲስ ግኝት ስታወሩት እሰማለሁ። መጀመሪያ በቁስ፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በምልክት። ደስ ይላል፤ ግን ዕድሜውን እወቁት። ጀሮም ብሩነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ሰው አዲስ ነገር የሚይዘው በሥራ፣ በምስልና በምልክት መሆኑን የጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ነው። ሲንጋፖር ሐሳቡን በ1980ዎቹ በመማሪያ መጻሕፍቷ ውስጥ አስገብታ ዓመታት ሠራችበት። እኛም አገር "አዲስ" ብርቅ ሆኖ አያውቅም። ኡጋንዳ ውስጥ ኤንቴቤ ላይ የአፍሪካ አገሮች የሒሳብ ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ ኢትዮጵያም ተካፋይ ሆና፣ "አዲሱ ሒሳብ" በመጻሕፍት ሲዘጋጅ ገና 1950ዎቹ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣ፤ ተማሪ ተኮር ትምህርትና ተከታታይ ምዘና ተባለ፤ ልጆችን በቡድን የሚያደራጅ አንድ ለአምስት ተባለ፤ በቅርቡም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ። ሁሉንም በየተራ ሠልጥኛለሁ፣ የተወሰኑትንም አሠልጥኛለሁ። ክፍል ውስጥ ዘልቀው ሲሠሩ ያየኋቸው ግን መምህሩ "እንዴት አገኘኸው?" ብሎ ሲጠይቅና መልሱን ሲሰማ ብቻ ነው። ያ ከሌለ አምስቱ ልጆች ተቃቅፈው ይቀመጣሉ፣ አንዷ ትሠራለች፣ አራቱ ይገለብጣሉ።

መስማት ከባድ ነው። 40 ደቂቃ አለችን፤ ምዕራፉ ማለቅ አለበት፤ የስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም ልጁ መልሱን እንዴት እንዳገኘው አይጠይቅም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሆኖም የስሕተት መልስ ውስጥ ምን ያህል ሐሳብ እንዳለ አንድ ልንገራችሁ። የአንደኛ ክፍል ልጆችን "ሃያ ሦስት ጻፉ" ስትሏቸው ጥቂቶቹ 203 ይጽፋሉ። ሃያን ጻፉ፣ ከጎኑ ሦስትን ጻፉ፤ የሰሙትን ነው የጻፉት። ሰነፍ ናቸው እንዳትሉ፣ በግዕዝ አኃዝ ብትጽፉት እኮ ልክ ናቸው፦ ፳፫፤ ሃያና ሦስት፣ ጎን ለጎን። በዚያ አጻጻፍ ዜሮ የለም፣ ቦታም ዋጋ አይሰጥም፤ ሃያ የትም ቢቆም ሃያ ነው። የ23ቱ 2 ግን ሃያ የሆነችው በቆመችበት ቤት ምክንያት ብቻ ነው። ይህ የሰው ልጅ ብዙ ዘመን የፈጀበት ሐሳብ ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት እንዲውጠው መጠበቃችን ይገርመኛል። እኔ ሁለቱን አጻጻፎች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አድርጌ "የቱ ጋ ነው ዜሮው የጠፋው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ክርክሩ የዕለቱን ትምህርት ይበላል፤ ይብላ።

ያልተሳካልኝንም ልንገራችሁ፤ እሱ ይበልጥ ሳይጠቅማችሁ አይቀርም። ዘዴውን በሙሉ ልቤ የጀመርኩ ሰሞን የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ በከረጢት ሰብስቤ 68 ልጆች ላሉበት ክፍል አከፋፈልኩ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ቆርኪው ከወንበር ሥር ተንከባለለ፣ ልጆቹ ተከትለውት ወረዱ፣ ግማሹ ኪስ ገባ፣ ሁለቱ ተደባደቡ። እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ሰዓት ተቆጣጣሪ ገባ። "ክፍሉ ሥርዓት የለውም" ብሎ ጻፈ፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን አኩርፌ ቆርኪውን ቆለፍኩበትና አንድ ሙሉ ሴሚስተር ወደ ጠመኔዬ ተመለስኩ። ጥፋቴ ዘዴው አልነበረም፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ለሁሉም ማድረጌ ነበር። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃችኋል። መጀመሪያ እናንተ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጆቹ ከበው እያዩ፤ ቀጥሎ አንድ ረድፍ ብቻ፤ ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ይሥሉ።

ሥዕሉን በተለይ አትዝለሉት። ብዙ ጎበዝ መምህር ከቁሱ ዘሎ ቁጥሩ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። ልጁ በስንደዶ የሠራውን ረጅም መስመርና ነጥብ አድርጎ ደብተሩ ላይ ካልሣለ ስንደዶው ጨዋታ፣ ቁጥሩም ሌላ ዓለም ሆነው ይቀራሉ። ቤቱ ይዞት የሚሄደውም ሥዕሉን ነው።

ቤት ስል ወላጆች ይመጣሉ። ጉሊት የምትነግድ አንዲት እናት አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ "መምህር፣ ልጄን የላክሁት እንጨት ሊቆጥር ነው እንዴ? እንጨት ቤትም አለ" አለችኝ። ልከራከራት ፈለግሁና ተውኩት። "አንድ መደብ ድንች በ15 ብር ትሸጪያለሽ እንበል። ሦስት መደብ የገዛ ሰው መቶ ብር ቢሰጥሽ ስንት ትመልሻለሽ?" አልኳት። "55" አለች፤ ለመተንፈስ እንኳ አላቆመችም። እንዴት? "45 ነው፤ አምስት ስጨምርበት 50፤ ሌላ 50 መቶ።" ከመቶ ላይ 45 አልቀነሰችም፤ ከ45 ተነሥታ ወደ መቶ ወጣች። የልጇን ደብተር ገልጬ በመስመር ላይ የሣለውን አሳየኋት፤ ከ45 ወደ 50፣ ከ50 ወደ 100 የተዘለለ። ጣቷን መስመሩ ላይ አስኬደችው። "ይህማ የእኔ ነው" አለች። ስትወጣ ግን ዞር ብላ "ማባዣውንም በቃሉ ይያዝልኝ" አለችኝ።

ትክክል ናት፤ እዚህ ላይ ከአንዳንድ ወጣት አሠልጣኞች ጋር እለያያለሁ። ሽምደዳን ማውገዝ ፋሽን ሆኗል። ሰባት ጊዜ ስምንት 56 መሆኑን አንድ ጊዜ በሰባት ረድፍ ጠጠር ይየው፣ ይሣለው፣ ከዚያ ግን በቃሉ ይያዘው። አምስተኛ ክፍል ደርሶ በጣቱ የሚያባዛ ልጅ ክፍልፋይ ሲመጣበት አሳቡ በማባዛቱ ያልቃል። ደግሞ ክፍልፋይን ስታስተምሩ ሲሶና እርቦ የሚሉ ቃላት ቋንቋችን ውስጥ ተቀምጠው "አንድ ሦስተኛ፣ አንድ አራተኛ" ብቻ ማለታችን ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እንጀራ እኩል የቆረሰ ልጅ እኩሌታን ያውቃል፤ ስሙን ስጡት እንጂ።

ርእሰ መምህሩ መርጃ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት ይላችኋል፤ እንግዳ ሲመጣ ያምራል። አንድ ሁለቱን ስቀሉለት፣ ቅር አይበለው። የሚሠራበትን ግን ልጆቹ እጅ የሚደርስበት ካርቶን ውስጥ አድርጉት፤ ይቆሽሽ፣ ይሰበር። አቧራ የለበሰ መርጃ መሣሪያ ያለበት የማበልጸጊያ ማዕከል በዘመኔ ብዙ ቆጥሬያለሁ።

ስንደዶ የሚገኘው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ከሚሰፉ እናቶች ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እኔ እንዳደረግኩት ከቤት አትስረቁ። ካጣችሁ የጭራሮ ስባሪ ይሆናል። ክሩን በቀላሉ የሚፈታ ቋጠሮ አድርጉት፤ የልጅ ጣት ጠንካራ ቋጠሮ ሲታገል ሒሳቡን ይረሳል። ቆርኪ ግን ተዉ፤ ይንከባለላል።