የአንባቢ ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳሉ፣ እኔስ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፦ አውሮፓ ውስጥ ከጓደኛ ጋር ስለሚደረግ ጉዞ። ሁለቱን የጻፉት አውሮፓ ያሉ የሐዋሳ ልጆች ናቸው። አንዱ ደግሞ የመጣው እዚሁ ታቦር ተራራ ሥር ካለ ቤት ነው። እኔም ጀርመን፣ አኽን የምትባል ከተማ ሦስት ዓመት ኖሬ የተመለስኩ ስለሆንኩ ደብዳቤዎቹን ሳነብ ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። የዛሬው ዓምድ ለነሱ ነው።

«ሰላም እህቴ። ተወልጄ ያደግኩት ሐዋሳ ነው፣ አሁን ኮሎኝ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ከመጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። አምስት የምቀርባቸው ጓደኞች አሉኝ። ሁለቱ ሐበሻ ናቸው፣ ሌሎቹ ከኬንያ፣ ከህንድና ከኮሎምቢያ የመጡ ናቸው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሆነ ቦታ ይሄዳሉ። አንዴ አብሬያቸው ብራስልስ ሄጄ የወሩን የምግብ ገንዘቤን በሁለት ቀን ጨርሼ ተመለስኩ። ከዛ ወዲህ ሲጠሩኝ ‹ፈተና አለብኝ› እያልኩ እቀራለሁ። እውነቱ ግን ብሩ ነው፣ ቤተሰብም መርዳት አለብኝ። እሁድ እሁድ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ስቀመጥ እንባዬ ይመጣል። ምን ላድርግ?
የሐይቅ ዳር ልጅ»

የኔ እህት፣ ከሁሉ በፊት «ፈተና አለብኝ» የምትይውን ተዪው። ጓደኞችሽ ሦስት ጊዜ ጠርተውሽ ሦስቴም ከቀረሽ፣ ከነሱ ጋር መሆን እንደማትፈልጊ ነው የሚገባቸው። በአራተኛው አይጠሩሽም። አይፈረድባቸውም፣ እውነቱን የነገራቸው የለማ።

ይሄን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስድስት ሆነን አምስተርዳም ሄድን። ማደሪያውን አንዷ ጓደኛችን በካርዷ ለሁላችንም ከፈለች፣ «በኋላ እንተሳሰባለን» ተባባልን፣ ስንት እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም። ዋጋ መጠየቁ አሳፍሮኝ ነበር። ስንመለስ «ድርሻሽ 95 ዩሮ ነው» ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሸሸኋት። ካፌ ውስጥ ካየኋት በሌላ በር እወጣ ነበር። ገንዘቡን በሦስት ጊዜ ከፍዬ ጨረስኩ፣ እሷ ግን እንደ ድሮው አልሆነችልኝም። ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ገና ሳንነሳ «እኔ ይሄን ያህል አልችልም» ብያት ቢሆን ኖሮ ሌላ ርካሽ ቦታ ትፈልግልን ነበር፣ እንደዛ ዓይነት ልጅ ነበረች።

እኛ አገር «የለኝም» ማለት ነውር ይመስለናል። አሞራ ገደል ዓሣ በልተን ሒሳብ ሲመጣ «ኧረ በእግዜር፣ ዛሬ በኔ ነው» እየተባባልን የምንሻማ ሰዎች ነን። የሌለው ካለም ሌላው አይቶ ዝም ብሎ ይከፍልለታል። እዛ ግን ሁሉም የራሱን ነው የሚከፍለው፣ ማንም ፊትሽን አይቶ ኪስሽን አያውቅልሽም። ስለዚህ መናገር ግድ ነው።

ከአምስተርዳሙ በኋላ እኛ እንዲህ ማድረግ ጀመርን። ረቡዕ ማታ ቡና አፍልቼ እጠራቸዋለሁ። ቦታ ሳይመረጥ በፊት እያንዳንዱ ለዚህ ጉዞ ስንት እንዳለው ይናገራል። 30 ያለው 30 ይላል፣ 80 ያለው 80 ይላል። ከዛ የጉዞው ልክ ትንሹ ቁጥር ይሆናል። ትንሹ 30 ከሆነ በ30 ዩሮ የሚደረስበት ቦታ እንፈልጋለን፣ በቃ። የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ተሽኮረመምን። በሁለተኛው ሳምንት ከጋና የመጣው ልጅ «እኔ 20 ብቻ ነው ያለኝ» ሲል ሁለት ሰዎች ባንዴ «እኔም!» አሉ። ለካ ሁላችንም ስንደባበቅ ነው የከረምነው። አንቺም ሞክሪው፣ ካንቺ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው ይኼ ነገር ጨንቆት እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ብዙውን ገንዘብ የሚበላው ማደሪያ ነው። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወጥታችሁ ማታ መመለስን ልመዱት። መጓጓዣውን ደግሞ ሳታውቂው ከፍለሽው ሊሆን ይችላል። ብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የሴሚስተር ክፍያ ውስጥ ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው አለበት፣ ያንቺ ውስጥ መኖሩን ዛሬውኑ እዪ። ለሌላው ሰው፣ በነሱ አቆጣጠር በግንቦት 2023 ሲጀመር በወር 49 ዩሮ ነበር፣ ከጥር 2026 ጀምሮ 63 ሆኗል። በዚህ ትኬት መላው ጀርመንን በክልል ባቡሮችና በከተማ አውቶቡሶች ትዞሪያለሽ። አይሲኢ የሚባሉት ፈጣን ባቡሮች አይፈቀዱም። ጉዞው ይዘገያል፣ ሁለት ሦስቴ መቀያየርም አለ፣ ግን እመኚኝ፣ ሰው ከሰው ጋር የሚግባባው እዛ ቀርፋፋው ባቡር ውስጥ ነው። እኔ ስለ ጓደኞቼ እናቶች፣ ስለ መንደራቸው፣ ስለሚፈሩት ነገር ያወቅኩት ባቡር ላይ ነው።

የት ትሄዳላችሁ? ትሪየር ሂዱ። ካንቺ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሮማውያን የሠሩት ፖርታ ኒግራ፣ ማለትም ጥቁሩ በር፣ ዛሬም ቆሟል። ካርል ማርክስ በ1818 የተወለደበት ቤትም እዛው ነው። አባቴ በደርግ ዘመን ያን ስም ጠዋት ማታ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፣ በሩ ላይ ቆሜ የተነሳሁትን ፎቶ ስልክለት ደውሎ ግማሽ ሰዓት አወራኝ። ከትሪየር ደግሞ ሉክሰምበርግ ቅርብ ነው። እዛ አገር ከ2020 ወዲህ አውቶቡሱም፣ ትራሙም፣ የባቡር ሁለተኛ ማዕረግም ለነዋሪም ለእንግዳም ነጻ ነው። እስከ ድንበሩ ላለው መንገድ ብቻ ነው የምትከፍሉት።

አኽን ካንቺ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ካቴድራሉን ሳታዪ እንዳትመለሺ። እሱና የኛ ላሊበላ በነሱ አቆጣጠር በ1978 ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች ውስጥ ናቸው፣ የስሜን ተራሮችም አብረው አሉ። ይሄን ጓደኞቼን እዛው ደጃፉ ላይ አቁሜ ስነግራቸው የተሰማኝ ኩራት እስካሁን አልወጣልኝም። ከአኽን በከተማ አውቶቡስ ቫልስ የምትባል የሆላንድ ከተማ ይደረሳል፣ ከሷ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ጀርመን፣ ቤልጂየምና ሆላንድ ይገናኛሉ። ምሳችንን ይዘን በእግር ነበር የምንወጣው።

አንዳንዴ ደግሞ የትም አትሂዱ። የኮሎኝ ካቴድራልን ግንብ 533 ደረጃ አብራችሁ ውጡና ከዛ አንቺ ክፍል ሽሮ ብሉ። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ቅዳሜ ግዢ።

ወረቀት ሳልነግርሽ አልለፍ። ከጀርመን ስትወጪ ፓስፖርትሽንም የመኖሪያ ካርድሽንም ያዢ፣ በስልክ ያለ ፎቶ አይበቃም። ጀርመን ከመስከረም 2024 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ላይ ፍተሻ ጀምራለች፣ ፖሊስ አውቶቡስና ባቡር ላይ ይወጣል። በኔ ጊዜ እንኳን አንድ ጓደኛችን ካርዱን ክፍሉ ረስቶ መጥቶ አውቶቡሱ ጥሎት ሄደ። ካርድሽ እስካልተቃጠለ ድረስ በአንድ ቪዛ በሚዞርባቸው በሌሎቹ የሸንገን አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ትችያለሽ፣ አሁን ሸንገን 29 አገር ነው። እንግሊዝና አየርላንድ ግን ውስጡ የሉም፣ ለነሱ ሌላ ቪዛ ይጠይቃል።

የቤተሰቡን ገንዘብ በተመለከተ፣ ብር የገባ ቀን መጀመሪያ እሱን ለይተሽ አስቀምጪ። ከዛ የተረፈው ላይ ነው ጉዞ የሚታሰበው። በየሳምንቱ መሄድ የለብሽም። በወር አንዴ ከሄድሽ፣ ሌላውን ቅዳሜ በግልጽ «በዚህ አልችልም» ካልሽ፣ ማንም አይቀየምሽም።

«ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ እናታችን ቶሎ ነው ያረፈችው። ጀርመን ለትምህርት ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። በየሳምንቱ ፌስቡክ ላይ ፓሪስ ነው፣ ፕራግ ነው፣ ፎቶ ይለጥፋል። የቤታችን ጣራ ስለሚያፈስ ማስጠገኛ ብጠይቀው ‹አሁን የለኝም› አለኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ወንድምሽ አልፎለታል› ይለኛል። እኔ ግን ልቤ አዝኗል። ዋሽቶኝ ይሆን?
ከሐዋሳ»

እትዬ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማዘንዎ ትክክል ነው። ዋሽቶዎታል ብዬ ግን አላምንም።

ፎቶው ብዙ ነገር ይደብቃል። ኤፍል ማማ ሥር ቆሞ ፎቶ መነሳት በነጻ ነው። እኔ ፓሪስ የሄድኩት ሌሊት በአውቶቡስ ተቀምጬ እያንቀላፋሁ ነው፣ ጠዋት ጣቢያ ውስጥ ፊቴን ታጥቤ ቀኑን ሙሉ በእግሬ ዞሬ፣ ከቤት የያዝኩትን ዳቦ በልቼ፣ ማታ በዛው አውቶቡስ ተመለስኩ። ፎቶው ላይ ግን ሊፕስቲክ ተቀብቼ እየሳቅኩ ነው። ርቀቱንም ያስቡት። ከኮሎኝ ብራስልስ ያለው መንገድ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ካለው ያንሳል። ከአዲስ አበባ ቅዳሜ መጥተው ሐይቃችን ዳር ፎቶ ተነስተው እሁድ የሚመለሱትን ወጣቶች «አልፎላቸዋል» እንላለን እንዴ?

ገንዘቡንም ልንገርዎት። ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ጀርመን ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ 11,904 ዩሮ ዝግ ሒሳብ ውስጥ ማስገባት አለበት። ከዛ ላይ በወር የሚለቀቅለት 992 ዩሮ ብቻ ነው። የቤት ኪራይ፣ የጤና መድን፣ ምግብ፣ ሁሉም ከሱ ይወጣል። ወደ ብር ሲመነዘር ብዙ ይመስላል፣ እዛ ግን ወር መድረሻ ነው።

አብረውት ፎቶ ላይ የሚታዩትን ልጆች እነማን እንደሆኑ ጠይቀውት ያውቃሉ? እባክዎ ይጠይቁት። እኔ በሁለተኛው ክረምት በኃይለኛ ጉንፋን ወድቄ አራት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም። ምስር ሠርታ ያበላችኝ፣ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ፣ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያደረችው ከኔፓል የመጣች ልጅ ናት። ያቺን ልጅ ያገኘኋት በቅዳሜ ጉዞ ነው። እህት በሌለበት አገር እንዲህ ዓይነት ሰው ነው ለወንድምዎ የሚደርስለት።

ይህ ማለት ግን ጣራው ይፍሰስ ማለት አይደለም። «ብር ላክ» ከሚሉት፣ አናጢ ጠርተው ዋጋውን ያስገምቱና «ይሄን ያህል ይፈጃል፣ ክረምት ሳይገባ ካንተ ስንት ይጠበቃል?» ይበሉት። ቁርጥ ያለ ቁጥርና ቀን ሲሰጡት ከጉዞው ቀንሶ የሚያጠራቅምበት ነገር ያገኛል። ቅሬታዎንም ይንገሩት፣ ከጎረቤት ሳይሆን ከርስዎ ይስማው።

አንተም ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብክ፣ ለእህትህ የፓሪሱን ብቻ አትላክላት። ሌሊት ሬስቶራንት ሳህን የምታጥብ ከሆነ እሱንም አሳያት። ያሳደገችህ ሰው ናት፣ ይገባታል።

«እህቴ፣ ከጓደኞቼ ጋር ከበርሊን ለመጀመሪያ ጊዜ በርካሽ አውሮፕላን ልንሄድ ነው። ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው የተፈቀደልን፣ ፆምም ነው። ድርቆሽና ማር መያዝ እችላለሁ?»

ድርቆሹን ያለ ሐሳብ ያዢ፣ ደረቅ ነገር ነው። በሶም እንደዛው። ማርና አዋዜ ግን ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠሩት። በብዙ አየር ማረፊያዎች አንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም፣ እሱም በአንድ ሊትር ግልጽ ላስቲክ ውስጥ ይገባል። አንድ ሙሉ ብልቃጥ የአገር ቤት ማር ቆሻሻ ቅርጫት ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ፣ እንዳይደርስብሽ።

ትኬቱ ላይ ያለውን የአየር ማረፊያ ስምም በደንብ አንብቢ። ርካሾቹ አንዳንዴ ከከተማው ርቀው ነው የሚያርፉት። ፓሪስ የሚባለው ቦቬ ከከተማው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ የፍራንክፈርቱ ሃንም ከ100 በላይ ነው። የአውቶቡሱን ሒሳብ ከትኬቱ ጋር ደምሪው።

ለፆሙ «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ፈልጊ፣ ወተትም እንቁላልም የለበትም ማለት ነው። ማደሪያ ስትመርጡ ደግሞ ወጥ ቤት ያለው ይሁን። ሽንኩርት፣ ዘይትና ቲማቲም እዛው ይገዛል፣ በርበሬውን በትንሽ ላስቲክ ያዢ፣ ፍርፍሩ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ድርቆሹን ግን አብዝተሽ ያዢ፣ ሽታው ሲወጣ ጓደኞችሽም መቅመሳቸው አይቀርም።