ልጄን በግዝት ከጫትና ከመጠጥ ላስቁመው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በምሥራቅ ጎጃም በማቻከል ወረዳ የምኖር ገበሬ ነኝ። ልጄ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ 11ኛ ክፍል ይማራል። ዘንድሮ ከጓደኞቹ ጋር ጫት እንደሚቅምና አረቄም እንደጀመረ ሰማሁ። የንስሐ አባታችን ገዝተውት ዳግመኛ እንዳይነካው ላደርግ አስቤ ነበር፤ እናቱ ግን «ይቅርብህ» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የእናቱን ምክር ቢሰሙ ይሻላል። ግዝት ከባድ ነገር ነው። ልማድ በያዘው ወጣት ላይ ሲጣል፣ ልጁ ተሸንፎ ግዝቱን ባፈረሰ ዕለት «ከእንግዲህማ የተገዘትሁ ነኝ» ብሎ የሚሸሸው ከአረቄ ቤቱ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። እንዲህ ሆነው ከቅዳሴም ከንስሐ አባታቸውም የተሰወሩ ተማሪዎችን አይቻለሁ፤ መመለሻቸው እጅግ አድካሚ ነው።

አስቀድመው የልጅዎን ኑሮ ይመልከቱ። ከገጠር መጥቶ ከሁለት ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር አንዲት ክፍል የተከራየ ተማሪ፣ በገበያ ቀን የሚላክለትን እንጀራና ሽሮ እየበላ የሚኖር፣ ማታ «የት አመሸህ?» የሚለው ሰው የሌለው ልጅ ነው። ጫቱንም ብዙዎቹ የሚጀምሩት «ለፈተና ያነቃል» ተብለው ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር እንቅልፍን ለጊዜው ያባርራል፤ ምርቃናው ሲያልፍ ግን ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል፤ ያንን ለመስበር ደግሞ መጠጥ ይፈለጋል። ተማሪዎቹ «ጨብሲ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ አረቄውን ከልክለው ጫቱን «ለጥናቱ ነው» ብለው ቢታገሡት፣ ያ የተከለከለው በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

የእኛ የወላጆችም ድርሻ አለበት። በጎጃም ለማኅበርና ለዝክር ጠላ መጥመቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ሐዋርያው በኤፌሶን 5፥18 የከለከለውም ስካርን ነው። ነገር ግን «ቅራሪ ምን ያደርጋል?» እያልን ለሕፃን የምንቀዳ፣ ክረምት ሲገባም ለብርድ ብለን አረቄ የምናስቀምስ እኛው ነን። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እንኳ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሻጩ የተከለከለውን በጻድቃን ስም በተዘጋጀ ማዕድ ላይ ማቅረብ ለእኔ ያሳዝነኛል። ለልጆች በሶ ቢበጠበጥላቸው ዝክሩ አይጎድልም።

አሁን ስንቁን በሰው አይላኩ፤ ራስዎ ይዘው ይሂዱና ከእርሱ ጋር ይደሩ። ሳይቆጡ ይጠይቁት፤ እየዋሸም ቢሆን እስኪጨርስ ያድምጡት። ከዚያ ወደ ንስሐ አባቱ ይውሰዱት፤ ኃጢአቱን ግን በእርሱ ፈንታ እርስዎ አይናገሩለት፤ በገዛ አፉ ይናዘዝ። በከተማው ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ሰንበት ትምህርት ቤት ቢመዘገብ፣ መዝሙር የሚያጠናበትና የሚማርበት ሰዓት ለመቃምና ለማምሸት ይውል ከነበረው ጊዜ ላይ ይነሣል፤ አዲስ ባልንጀራም ያገኛል። ይህ ከምክር ሁሉ ይበልጥ ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

ጸበል መጠመቁ መልካም ነው፤ ሕክምናን ግን አያስቀርም። በየቀኑ ይጠጣ የነበረ ሆኖ ሲያቆም እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልበው ወይም የሚቃዥ ከሆነ አደጋ ስላለው ሳይዘገዩ ሆስፒታል ያድርሱት። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር የሚያዝዘን እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ስለሆነ ነው።

ከተወ በኋላ ዳግመኛ ቢወድቅ ስንቁን አያቋርጡበት፤ ከትምህርቱም አያስወጡት። የቤት ኪራዩን ግን በእጁ ከመስጠት በቀጥታ ለአከራዩ ይክፈሉ፤ ለምን እንዲህ እንዳደረጉም ሳይደብቁ ይንገሩት።