ለሞጣው ወንድማችን፦ ስለ ሴሊያክ ምርመራና ስለ ጤፋችን

ወንድሜ ሆይ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብሁት። ባለቤትዎ ሆዳቸው እየተነፋና እያስቀመጣቸው ለረጅም ጊዜ እንደተቸገሩ፣ ለአሜባና ለጃርዲያ በየጊዜው መድኃኒት ቢታዘዝላቸውም እንዳልተሻላቸው፣ የደም ማነሱም የብረት እንክብል እየወሰዱ እንዳልተስተካከለ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ደግሞ «ግሉተን ይሆናል፤ ዳቦ ትተው ይሞክሩት» ብሎ እንደመከራችሁ ጽፈዋል። «እንጀራችን ጤፍ ስለሆነ አያሰጋም፤ ዳቦውን አቁመን እንየው ወይስ እንመርመር?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ መጀመሪያ ይመርመሩ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስም ዳቦውን አያቁሙ። ሐኪም አይደለሁም፤ ደብረ ማርቆስ የምኖር፣ ይኸው በሽታ ከታወቀልኝ ዓመታት ያለፉኝ ሰው ነኝ።

ሴሊያክ በስንዴ፣ በገብስና በመሰሎቻቸው ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲገባ የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን ትንሹን አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ምግብ የሚመጥጡት የአንጀቱ ጥቃቅን ጣት መሰል ክፍሎች እየተሟሸሹ ስለሚሄዱ ሰውዬው እየበላ ብረቱም፣ ካልሲየሙም፣ ሌላውም ያልፈዋል። ምርመራው የሚለካው ይህንኑ ጥቃት ነው። ግሉተኑ ከቆመ በደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል (የሰውነት መከላከያ የሚሠራው ፕሮቲን) እየቀነሰ፣ አንጀቱም እየዳነ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ምርመራ በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

እኛ አገር ደግሞ ይህ ነገር ይብሳል። ዘመድዎ ባሉበት አገር ሰዉ ጧት ማታ ስንዴ ነው የሚበላው፤ እኛ ዘንድ ግን በብዙ ቤት ዘወትር የሚቀርበው የጤፍ ወይም የዳጉሳ እንጀራ ሲሆን፣ ዳቦ የሚደፋው ለበዓልና ለዝክር ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ሳያቋርጡ እንኳ ለምርመራው የሚበቃ ግሉተን ሳይበሉ የሚቀርቡ ሰዎች አሉ፤ የአገራችን ሐኪም ሁሉም ይህን አይጠይቅም። በሰፊው የሚሠራበት ምክር ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ፣ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ግሉተን ያለበት ምግብ መብላት ነው። በሶና ጠላም ግሉተን አላቸው፤ መጠኑን ለመገመት ግን የስንዴ ዳቦ ይቀላል፣ አንድ መደበኛ ቁራጭ 2 ግራም ገደማ ይይዛልና። ባለቤትዎ ዳቦ ሲበሉ ክፉኛ የሚያማቸው ከሆነ ይህን በራሳችሁ ሳይሆን ሐኪም እያወቀው አድርጉት።

የመጀመሪያው ምርመራ የደም ነው፤ ቲቲጂ አይጂኤ (tTG-IgA) ይባላል፤ አይጂኤ ከፀረ እንግዳ አካላት አንዱ ዓይነት ነው። ከእርሱ ጋር ጠቅላላ አይጂኤ የሚባለውም አብሮ እንዲታዘዝ ይጠይቁ፤ ይህ ፀረ እንግዳ አካል በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ስላሉ፣ እነርሱ ላይ የፊተኛው ምርመራ ብቻውን በሽታው እያለ «የለም» ሊል ይችላል። የእኔ ደም የተቀዳው እዚሁ ሆኖ ናሙናው የተላከው አዲስ አበባ ነበር፤ እናንተም መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ላቦራቶሪው እንደሚሠራው በስልክ አረጋግጡ።

ደሙ ምልክት ካሳየ ለአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ኢንዶስኮፒ ይከተላል፤ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ናሙና ይወሰዳል። ጉዳቱ አንዱን ቦታ ይዞ ሌላውን ሊተው ስለሚችል የሚወሰደው ናሙና ቢያንስ አራት መሆን አለበት፤ ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሂደቱ ያጥወለውላል እንጂ የሚፈራውን ያህል አያምም። ለጃርዲያ የታከሙትም ከንቱ ነበር አልልም፤ ጃርዲያም ሆነ ሌሎች የአንጀት ሕመሞች ናሙናው ላይ ሴሊያክ የሚመስል ጉዳት ሊያሳዩ ስለሚችሉ፣ የደሙና የናሙናው ውጤት አንድ ላይ መነበብ አለበት። የዘረመል ምርመራ የሚባልም አለ፤ በሽታው አለመኖሩን ለማወቅ ይረዳል እንጂ ብዙ ጤነኛ ሰው ያንኑ ዘር ስለሚሸከም ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም።

በሽታው ከተረጋገጠ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው። በዚህ ረገድ ጎጃም መወለድ ትልቅ ዕድል ነው ብዬ አምናለሁ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዝርያዎችን ከሴሊያክ ሕመምተኞች በተገኙ የመከላከያ ሕዋሳት ላይ ፈትነው፣ ምላሽ እንዳላስነሡ አሳትመዋል። ነገር ግን «እንጀራችን ጤፍ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ጤፉ ከአውድማ እስከ ምጣድ በምን በምን እንዳለፈ መታወቅ አለበት። ከግሉተን ነፃ ለሚባል ምግብ ዓለም አቀፉ ገደብ በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። የስንዴ ዱቄት ከመቶ አሥር እጅ ያህሉ ግሉተን ስለሆነ፣ ከአንድ ቁንጥር ያነሰ የስንዴ ዱቄት አንድ ኪሎ ጤፍ ላይ ቢገባ ገደቡ ሞላ ማለት ነው።

ዋናው ስጋት ወፍጮ ቤቱ ነው። ስንዴና ገብስ በፈጨ ድንጋይ ላይ ቀይ ጤፍ ሲፈስ ቢያዩት፣ መጀመሪያ የሚወርደው ዱቄት ፈዘዝ ያለ ነው፤ ከወፍጮው አፍ ላይ የታሰረው ጨርቅም ሲራገፍ የቀደመውን ሰው ዱቄት ያረግፋል። ስለዚህ ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ወፍጮ ያለው ቤት ፈልጉ፤ ከሌለ ከባለ ወፍጮው ጋር ተነጋግራችሁ ድንጋዩና ሣጥኑ በተጠረገ ጊዜ፣ በማለዳ፣ የመጀመሪያው ፈጪ ሁኑ፤ የራሳችሁን ጨርቅ እሰሩ፤ መጀመሪያ የሚወርደውንም ዱቄት ለሌላ ሰው ስጡት። እኔ ለባለ ወፍጮው በሽታዬን ሳልደብቅ ስለነገርሁት ከቤተ ዘመድ በላይ ይጠነቀቅልኛል። ጤፉን ከነጋዴ ጆንያ ይልቅ ከምታውቁት ገበሬ መግዛት፣ በአዲስ ወንፊት መንፋትም ይገባል።

ቤት ውስጥ እርሾ ከጎረቤት አትበደሩ፤ የጎረቤት እርሾ ገብስ ወይም ስንዴ የነካው ሊሆን ይችላል። የጤፍ ዱቄትና ውኃ ጥቂት ቀን ቢቀመጥ እርሾ በራሱ ይወጣል። ምጣድ፣ ማሰሻ፣ ቡሃቃና ወንፊት ለብቻ ይሁኑ፤ ዳቦ የተጋገረበት የሸክላ ምጣድ ተወልውሎ ጸዳ ማለት ያስቸግራል። ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ድንችና ጥራጥሬ ሁሉ ይበላሉ፤ ሽምብራውና ባቄላው ግን የስንዴ ፍሬ እንዳይኖርበት ተለቅሞ ሽሮው ለብቻ ይፈጭ። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቂንጬ፣ ጠላና ቢራ ቀርተዋል። የጮቄ ሰዎች የሚወዱት እንግዶ ከአጃ (ኦትስ ከሚባለው) ወገን ስለሆነ በራሱ ብዙዎችን ባይጎዳም፣ ከገብስ ጋር ተደባልቆ ስለሚበቅል እኔ ትቼዋለሁ። ጠጅ ማርና ጌሾ ብቻ ከሆነ መልካም ነው፤ ምን እንደገባበት መጠየቅ ግን አይቀርም።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ሰው ነው። ማኅበርና ተዝካር ላይ «አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ» የምትል አክስት ፊት እንቢ ማለት ቀላል አይደለም፤ ዳቦ በቆረሰ እጅ የተጠቀለለ ጉርሻም ያው ዳቦ ነው። እኔ የራሴን እንጀራና ወጥ በአገልግል ይዤ እሄዳለሁ፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» የሚለው ቃል ከማብራሪያ ሁሉ ይልቅ ይከበራል። ቅዱስ ቁርባንን በተመለከተ ኅብስቱ የስንዴ ስለሆነ፣ ባለቤትዎ ጉዳዩን ለነፍስ አባታቸው አስቀድመው ይንገሩ፤ ከዚህ በላይ እኔ ልናገርበት የሚገባ አይደለም።

ግሉተን ከቆመ በኋላ ሆዱ በሳምንታት ውስጥ ሊሻል ይችላል፤ አንጀቱ እስኪድን ግን ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ይወስዳል። የደም ምርመራው በየጊዜው ይደገማል፤ ብረት፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ዲ፣ የአጥንትም ጥንካሬ አብረው ይታያሉ። የባለቤትዎ ውጤት ሴሊያክ ከሆነ ልጆቻችሁም፣ የእርሳቸው ወንድሞችና እኅቶችም ምልክት ባይኖራቸውም ይመርመሩ፤ በቅርብ ዘመድ ላይ በሽታው ከአሥር ሰው አንዱን ያህል ሊገኝ ይችላልና። እነርሱም እስኪመረመሩ ድረስ ዳቦ አይከልከሉ።