«ጠግበው ነው የሞቱት፣ ምን ያስለቅስሻል?»

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ በ91 ዓመቷ አረፈች፣ አርባዋ እየደረሰ ነው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ «እድሜ ጠግባ፣ የልጅ ልጅ አይታ ነው የሄደችው፣ ተመስገን በይ እንጂ ምን ያስለቅስሻል?» አንዷ ጎረቤታችንማ «አማኝ እንዲህ አያለቅስም፣ ተስፋሽ የት አለ?» ብላኛለች። እኔ ግን አልቻልኩም። ቡና ባፈላሁ ቁጥር በረካው ላይ ሲደርስ እንባዬ ይመጣል፤ በረካው የእሷ ነበር፣ ስኳር አብዝታ። ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት የመርሳት በሽታ ይዟት ነበር። ስሜን ረስታው «ልጅቷ» ነበር የምትለኝ። ጸሎቷም ጠፋት፣ አባታችን ሆይን ጀምራ መሐል ላይ ትቆም ነበር። በጾም ወተት ስጡኝ ትላለች። እንዲህ ሆና የሞተች ሰው የዘላለም ሕይወት አላት ማለት ይቻላል? ወንድሜ ደግሞ ጴንጤ ነው፣ በተዝካሩ ጉዳይ ከእህቶቼ ጋር ተኳርፏል። እሱንም ቢመልሱልኝ። (ሀ. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ቀጥሎ፣ አልቅሺ።

ለቅሶ ቤት የሚባለው ሁሉ የሃይማኖት ትምህርት አይደለም። ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ይከብደዋል፣ ንፍሮውን እየዘገነ የሆነ ነገር ማለት አለበት፣ እና አፉ ላይ የመጣለትን ይላል። ክፋት የለውም። «ጠግበው ነው የሞቱት» የሚለውም ቢሆን በራሱ መልካም ነገር ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም አብርሃም በ175 ዓመቱ በመልካም ሽምግልና፣ እድሜ ጠግቦ ሞተ ይላል። ረጅም እድሜ በረከት ነው፣ ምስጋና ይገባዋል። ችግር የሚመጣው ይህንኑ አባባል የክርስቲያን ተስፋ አድርገን ስናቀርበው ነው። እግዚአብሔርን የማያምን ሰውም እኮ 91 ዓመት ይኖራል። ለእሱም ጎረቤት መጥቶ «ጠግቦ ነው» ይላል። ደግሞ ማጽናኛው እድሜ ከሆነ፣ ልጇ በ20 ዓመቷ የሞተችባትን እናት ምን ልንላት ነው? የክርስቲያን ተስፋ ለ20 ዓመቷም ለ91 ዓመቷም አንድ ነው። ክርስቶስ ከሙታን ተነሥቷል፣ የእሱ የሆኑትም ይነሣሉ። በቃ ይኸው ነው።

እንዲያውም ሞት ለሽማግሌም ጠላት ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 15 ላይ «የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው» ሲል፣ ከ80 ዓመት በታች ላሉት ብቻ ብሎ አልገደበም። ስለዚህ እናትሽን የወሰደብሽን ነገር ጠልተሽ ብታለቅሺ እምነት አላጎደልሽም።

ያዕቆብን አስቢ። 147 ዓመት ኖሮ ነው የሞተው። ልጆቹን ሁሉ አልጋው ዙሪያ ሰብስቦ፣ እያንዳንዱን መርቆ፣ የት እንደሚቀብሩት ሳይቀር ተናዞ፣ ከዚያ እግሩን አልጋው ላይ ሰብስቦ ሞተ። ከዚህ የተሻለ አሟሟት ከየት ይመጣል? ዮሴፍ ግን «ጠግቦ ነው» ብሎ አልተጽናናም። አባቱ ፊት ላይ ወድቆ አለቀሰ፣ ሳመው። የግብፅ ትልቅ ሹም ነው፣ ሰው ምን ይለኛል አላለም። ግብፃውያን 70 ቀን አለቀሱ። ከዚያ አስከሬኑን ይዘው ወደ ከነዓን ሲወጡ፣ አጣድ በሚባል አውድማ ላይ እንደገና 7 ቀን ለቅሶ ተቀመጡ፣ የአገሩ ሰው እስኪገረም ድረስ። ይህ ሁሉ ለ147 ዓመት ሽማግሌ! ዘፍጥረት 50ን ዛሬ ማታ አንብቢው፣ ረጅም አይደለም። ጎረቤትሽ ከመጣችም ለእሷ አንብቢላት።

እሷ በልቧ የያዘችው ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች የተጻፈውን ይመስለኛል። ጳውሎስ ያንን የጻፈው ክርስቶስ ከተነሣ 20 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የተሰሎንቄ አማኞች ጌታ ይመጣል ብለው ዓይናቸውን ተክለው ሲጠብቁ፣ ከመካከላቸው ሰው ሞተባቸው፣ ደነገጡ። የሞቱት ቀሩ ማለት ነው? ጌታ ሲመጣ አያገኙትም? እሱም «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች» አትዘኑ አላቸው። ጨርሶ አትዘኑ ያለው ነገር የለም። ጌታ ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ መቃብሩ ጋ አልቅሷል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ግን ይጠፋዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ።

እናትሽ ጸሎታቸውን ረሱ። ይህ ያማል፣ በተለይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጸልዩ ላየ ልጅ። ግን ሥጋትሽን ገልጬ ልንገርሽ፤ ድኅነታቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ይመስል ፈርተሻል። እዚያ ቢሆን ኖሮ፣ አዎ፣ በሽታው ይወስደው ነበር። ግን እዚያ አልነበረም። ኢሳይያስ 46ን አውጪ። የባቢሎን ጣዖታት ቤልና ናባው በከብት ጀርባ ላይ ተጭነው ሲሄዱ ታያለሽ፣ ከብቶቹም ደክሟቸዋል። ጣዖትን ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ወዲያው ቀጥሎ እግዚአብሔር ለሕዝቡ «እስከ ሽምግልና ድረስ እኔ ነኝ፥ እስከ ሽበትም ድረስ እሸከማችኋለሁ» ይላል። ይህ ቃል ለማን ተጻፈ? መሸከም ላቃተው ሰው ነው። አባታችን ሆይን መሐል ላይ ለሚያቆሙ አሮጊት።

ሌላ ነገር ላንሣ። እኛ ሴት ልጅን በ80 ቀኗ ክርስትና እናነሣለን። ሕፃኗ ምን ታውቃለች? ስሟን እንኳ አታውቅም፣ እያለቀሰች ነው የምትጠመቀው። ጸሎተ ሃይማኖትን ካልወጣሽ ብሎ የመለሳት ቄስ የለም። እንግዲህ እናትሽን በ80 ቀናቸው ምንም ሳያውቁ የተቀበላቸው አምላክ፣ በ91 ዓመታቸው ሁሉን ስለረሱ ይጥላቸዋል ብለሽ እንዴት አሰብሽ?

ሆሳዕናንም አስታውሺ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሆሳዕና ዕለት ለሕዝቡ ሁሉ አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደረሳል። ሰው ዘንባባውን እንደ ቀለበት ጣቱ ላይ አስሮ፣ ግማሹ ጭንቅላቱ ላይ አስሮ፣ በቁሙ የራሱን ፍትሐት ይሰማል። (ወጣቱ ዘንባባውን ይዞ ፎቶ ሲነሣ ይህ ያመልጠዋል፣ ግን ያ ሌላ ወሬ ነው።) እናትሽ ይህን ስንት ዓመት ቆመው ሰምተዋል? ጤነኛ ሳሉ፣ አእምሯቸው ሙሉ ሳለ፣ ስለ ሞታቸው አስቀድመው አሜን ብለዋል። በስተርጅና አእምሯቸው ሲደክም ያ አሜን አይሰረዝም።

ወተቱን ደግሞ ተዪው። ታመው ነው የጠየቁት፣ ሰጥተሻቸው ከሆነም ደግ አደረግሽ።

«ልጅቷ» ያሉሽ ነገር ግን ልብሽ ውስጥ ቁስል ሆኖ እንደቀረ ከደብዳቤሽ ይታያል። በትንሣኤ እንተዋወቃለን ወይ የሚል ጥያቄ ለዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ እኔም ሁልጊዜ የምጠቅሰው ዮሐንስ 20ን ነው። መግደላዊት ማርያም መቃብሩ ደጃፍ ቆማ ታለቅሳለች። የተነሣውን ጌታ ፊት ለፊት አየችው፣ አላወቀችውም። አትክልተኛው መስሏት «አንተ ወስደኸው ከሆነ ንገረኝ» ብላ ለመነችው። ያወቀችው በስሟ ሲጠራት ነው። የማወቁን ነገር የጀመረው እሱ ነው፣ እሷ ከዚያ በኋላ ደረሰችበት። እናትሽንም የሚቀሰቅሳቸው ይኸው ጌታ ነው። ሲነሡ «ልጅቷ» ይሉሻል ብዬ አላምንም።

ሰው በለቅሶ ወቅት የሚረሳው ሌላ ነገር አለ፤ ተስፋችን የነፍስ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን ነፍስ ወደ ላይ ሄደች ብለን እዚያ ላይ እናቆማለን። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ግን የሥጋንም ትንሣኤ ነው። «በድካም ይዘራል፥ በኃይል ይነሣል» ይላል ጳውሎስ እዚያው ምዕራፍ 15 ላይ። ድካም ምን እንደሆነ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ፤ የጎበጠውን ጀርባ፣ ሞራ የጋረደውን ዓይን፣ ቁስል እንዳይወጣባቸው ሌሊት እየተነሣሽ ያገላበጥሽውን ገላ። ያ ገላ አንድ ጊዜ አገልግሎ የተጣለ ነገር አይደለም። የሚነሣው እሱ ነው፣ ድካሙ ይቀራል። ስለዚህ ያጠብሽው፣ ቅባት የቀባሽው፣ ያለበስሽው ሁሉ በከንቱ አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ነገር ለቅሶ ቤት ቢነገር እንዴት ጥሩ ነበር!

ስለ ወንድምሽ አጭር ልበል። ለሞቱት በመጸለይ ጉዳይ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት አይስማሙም። ይህ በአርባው ዋዜማ እናንተ ሳሎን ውስጥ አይፈታም፣ አትሞክሩትም። እናትሽ ኦርቶዶክስ ሆነው ኖሩ፣ በኖሩበት ሥርዓት ይሸኙ። ወንድምሽ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ካለም አትጎትቱት። ወንበር ማመላለስ፣ ነዳያንን ማብላት፣ የእናቱን ወዳጆች እጅ ማስታጠብ ከእምነቱ ጋር አይጣላበትም። በ381 ዓ.ም. ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰቡት 150ው አባቶች «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን፣ የሚመጣውንም ሕይወት» ብለዋል። በዚህ ላይ እሱም እህቶችሽም አንድ ናቸው፣ ከዚህ ይጀምሩ። ተዝካሩን ደግሞ እባካችሁ ተበድራችሁ አታድርጉት። የዕድሩ ዕዳ ሙት ዓመቱን ሳይከፈል ሲጠብቅ ብዙ ቤት አይተናል። ለነዳያን የሚሆን እንጀራና ወጥ፣ ለቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ ካለ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት። አረብ አገር የሰው ቤት ነው የምሠራው። ማረፏን ያየሁት በፌስቡክ ነው፤ የአጎቴ ልጅ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፏል። ድስት እያጠብኩ ነበር። ጮኼ ማልቀስ አልችልም፣ ማዳም ትቆጣለች። አልቀበርኳት፣ አልተሰናበትኳት። እንዴት ልጽናና? (ከ. ነኝ)

መልስ፦ እህቴ፣ መርዶ እንዲህ አይነገርም። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድ ተጠራርቶ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው። የአጎትሽ ልጅ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ልቡ ስላዘነ ለጠፈ። አንባቢዎች ግን ስሙኝ፤ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ስደት ላይ ላለችው ልጅ ጓደኛ ፈልጋችሁ ደውሉ፣ ጓደኛዋ ቤቷ ሄዳ ወይም ዕረፍቷን ጠብቃ ትንገራት።

መቃብሯ ላይ ስላልቆምሽ የቀረብሽ ስንብት ነው፣ ያ ይቆጫል፣ አይቆጭም ብዬ አልዋሽሽም። ከትንሣኤዋ ግን የሚያስቀርሽ ነገር የለም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሞተው ያሉትም በሕይወት ያለነውም አብረን ጌታን እንቀበላለን ብሏቸዋል። «አብረን» ያለው የቀበሩትን ለይቶ አይደለም።

ለቅሶውን ግን ሆድሽ ውስጥ አታፍኚው። የዕረፍት ቀንሽ ሲደርስ ሁለት ሦስት የአገርሽ ልጆች ጥሪ፣ ቡና አፍሉ፣ ስለ አያትሽ አንድ በአንድ አውሪላቸው፤ ምን ትወድ እንደነበር፣ ስትቆጣ ምን ትል እንደነበር፣ ትምህርት ቤት ስትልክሽ ምን ቋጥራ ትሰጥሽ እንደነበር። እዚያ አልቅሺ፣ ጮኸሽም ቢሆን። ባለሽበት ከተማ ቤተ ክርስቲያን ካለ ሄደሽ ጸሎት አስደርጊላት። አርባው ካለፈ ሰማንያ አለ፣ መንፈቅ አለ፣ ሙት ዓመት አለ፤ ዘገየሁ ብለሽ አትቅሪ። ከመሄድሽ በፊት አገር ቤት ደውለሽ የክርስትና ስሟን ጠይቂ፤ ቄሱ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ የአያቱን የክርስትና ስም አያውቀውም።